የአባቴ አስም

አባቴ አስም የለበትም። ኖሮበትም አያውቅም። አምቦ መጥታችሁ “የኦቦ ደበላ አስም እንዴት ነው?” ብላችሁ ብትጠይቁ ግን ከገበያው አንስቶ እስከ ጉደር መውጫ ድረስ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ “አሁን ሻል ብሎታል” የማይላችሁ ሰው የለም። ይህ አስም የተወለደው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ መኪና ውስጥ፣ በሦስት ሰዎች ስምምነት ነው። ሲወለድ እኔም እዚያው መኪና ውስጥ ነበርኩ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ጊዜው ሚሊኒየሙ ከተከበረ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ስሜ ለሊሴ ይባላል። ያኔ እዚያው አምቦ በአንድ ኮሌጅ መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። አባቴ ደንዲ ተወልዶ አምቦ ያረጀ፣ ጡረታ የወጣ የአንደኛ ደረጃ መምህርና የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው። በልጅነቴ ስኳር ቅሜ “አልቃምኩም” ስላልኩት ቀኑን ሙሉ ያላናገረኝ ሰው ነው። በስኳሩ አልነበረም የተቆጣው፣ በውሸቱ ነው። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ ያስፈልገናል።

ሊያገባኝ ሽማግሌ የላከው ሰው ሳምሶን ይባላል። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ አምቦ የመጣው በሥራ ምክንያት ሲሆን በአንድ መሥሪያ ቤት ኤክስፐርት ነበር። የምን ኤክስፐርት እንደነበር እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሁለት ሳምንት ሞምባሳ ለሥልጠና ሄዶ ከተመለሰ ወዲህ ግን ስለሁሉም ነገር ኤክስፐርት ሆነ። ሻይ ስንጠጣ “ሞምባሳ እያለሁ” ይላል። ዝናብ ሲዘንብ “ሞምባሳ እያለሁ” ይላል። ያልወደደውን ሰው ሁሉ “ኤክስፖዠር የለውም” ይለዋል። የእኔን አማርኛ ሲያርም ደግሞ ውለታ የዋለልኝ እየመሰለው ፈገግ ይላል። አልወደድኩትም ነበር። እንዲያውም ድምፁን ስሰማ ጥርሴን እነክስ ነበር።

ታዲያ ለምን ዝም አልሽ ትሉኝ ይሆናል። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አባቴ “ልጅቷን እንጠይቃት፣ ጸልየንበትም መልስ እንሰጣለን” ብሎ ሸኛቸው። ሲጸልዩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሲጠይቁኝ ግን አልሰማሁም። ሽማግሌዎቹ ለመልስ ሲመለሱ አባቴ “ልጅቷም ደስ ብሏታል” አለ፤ እኔ በዚያ ሰዓት ከጓዳ ሆኜ ድስት እያጠብኩ ነበር። ከዚያ ወጥቼ “የለም፣ ደስ አላለኝም” ብል የአባቴን ቃል በእንግዳ ፊት መስበር ሆነ። ይሉኝታ የሚባለው ነገር እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ሌላው ሰው ስለ አንቺ ይዋሻል፣ ቀጥሎ የእሱን ውሸት መጠበቅ ያንቺ ሥራ ይሆናል።

የቀረው ቀን መቁረጥ ብቻ ነበር። የሳምሶን ታላቅ ወንድም ጋሽ መስፍንና ጋሽ ዘውዴ የሚባሉ አንድ ሽማግሌያቸው ቅዳሜ ምሳ እኛ ቤት በልተው፣ አባቴ የሰርጉን ቀን ተናግሮ ሊያሰናብታቸው ነበር። ሳምሶን ከዚያ በፊት ባለው ማክሰኞ ቢሮዬ ድረስ መጣ።

“ምሳውን እናንተ እንዳትጨነቁ። ዶሮማ ሁሌ አለ። መስፍን ከጅቡቲ ሎብስተር አስመጥቷል።”

“ምንድን ነው እሱ?” አልኩት።

ፈገግ አለ። “ይኼ ነው እንግዲህ ችግራችን። ሞምባሳ እያለሁ በየቀኑ ነበር የምንበላው።”

ጋሽ መስፍን በጅቡቲ ወደብ ዕቃ የሚያስለቅቅ ትራንዚተር ነው። አርብ ከሰዓት ሳምሶን ነጭ የፎም ሳጥን ተሸክሞ መጣ። ክዳኑን ሲከፍተው በረዶ፣ በበረዶው መሃል ደግሞ እንደ ድንጋይ የደረቁ፣ ቀለበት በቀለበት የሆኑ፣ ጫፋቸው እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ጭራዎች ተደርድረዋል። እናቴ እጇን በቀሚሷ ላይ ጠርጋ ጎንበስ አለችና ወዲያው ቀና አለች።

“ማሊ ኩን?” አለችኝ በኦሮምኛ። ይኼ ምንድን ነው ማለቷ ነው።

“ሎብስተር ነው አሉ፣ እማዬ። የባሕር እንስሳ።”

“ጭንቅላቱስ?”

“የሚበላው ጭራው ብቻ ነው፤” አለ ሳምሶን።

“ጭንቅላቱን ማን ወሰደው?” አለች እናቴ። ሳምሶን በረዶው በአንዴ እንዳይቀልጥ፣ ቀስ ብሎ ፍሪጅ ውስጥ እንዲለሰልስ አስጠንቅቆ ሄደ። ጭራዎቹን ፍሪጅ ከተትናቸው፤ ማታውን መብራት ስለጠፋ እስከ ጠዋት እኛ ሳንደክም ለስልሰው አደሩ።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ የጓዳውን መጋረጃ ስባ፣ በሩን ዘግታ ሥራ ጀመረች። መጋረጃውን የሳበችው ጎረቤት እንዳያይ ነው። ገጠር ያደገች ስለሆነች ጊንጥ በደንብ ታውቃለች፤ በልጅነቷ ተረከዟን ነድፏታል። አንዱን ጭራ በሁለት ጣቷ አንስታ ስታየው ቆይታ “ለሊሴ፣ ይኼ የሱ አጎት ነው” አለችኝ። ከዚያ ለዶሮ እንደምታደርገው በጨውና በሎሚ ማሸት ጀመረች። ታጥባለች፣ ትደፋለች፣ እንደገና ታጥባለች።

ስልኬ ጮኸ። ሳምሶን ነው።

“በሎሚ እንዳታጥቡት፤ ጣዕሙ ይጠፋል።”

“እሺ፤” አልኩት፣ እናቴ አራተኛውን ሎሚ እየጨመቀች።

“ጀርባውን በመቀስ ቅደዱት። ሥጋውን ከቅርፊቱ ላይ ከፍ አድርጉት። ቅቤና ነጭ ሽንኩርት ቀቡት። ኦቨን ውስጥ ትንሽ ደቂቃ ብቻ። ነጭ ሲሆን አውጡት።”

ኦቨን የለንም። ከተማው ውስጥ ኦቨን ያለው ሰውም አላውቅም። ሞምባሳ የኖረበት ሁለት ሳምንት የኤክስፐርቱን አእምሮ ስለወሰደው ስንት ጊዜ የተመላለሰበት ቤት ምን እንዳለውና ምን እንደሌለው አላየም። እናቴ እንደ ዳቦ ልትጋግረው አሰበች፤ ድስቱን ከሰል ላይ ጥዳ ክዳኑ ላይም ፍም ደረደረች። ጀርባውን የቀደድነው በልብስ መቀሷ ነው። ቅርፊቱ ሲሰነጠቅ ድምፅ አለው፤ እያንዳንዷን ስቀድ እናቴ ዓይኗን ትጨፍናለች። የሚቀባው ቅቤ ደግሞ ኮረሪማና ኮሰረት ገብቶበት የነጠረው የራሷ ቅቤ ነው።

“ትንሽ ደቂቃ ነው ያለው፤” አልኳት።

“ሥጋ በትንሽ ደቂቃ? ሰው ቤት ጠርቶ በሽተኛ አድርጎ ይሸኛል እንዴ?”

ስለዚህ ተከፋፈልን። ግማሹ እንደ ሳምሶን ትእዛዝ በቅቤ ሆነ። ግማሹን እናቴ ከቅርፊቱ አውጥታ፣ ሽንኩርት አቁላልታ፣ በርበሬ ጨምራ ወጥ አደረገችው። ትቀምሰዋለች፣ “አልበሰለም” ትላለች፣ ውኃ ጨምራ ትመልሰዋለች። ለካ ይኼ ፍጥረት በቆየ ቁጥር ይደርቃል። እሷ እንዲለሰልስ ስታበስለው እሱ እየጠነከረ፣ ረፋድ ላይ የጫማ ሶል ሆነ። የድስቱን ክዳን ስናነሳ ደግሞ በቅቤ የሆነው ቅርፊት ደም መስሎ ቀልቷል።

“በርበሬ ጨመርሽበት?” አለችኝ።

“ምንም አልጨመርኩም።”

“ታዲያ ምን አቀላው?”

“በኢየሱስ ስም” ብላ ክዳኑን መለሰችው። ለወጡ ሲባል የተላጡትን ቅርፊቶች በፌስታል አድርጋ ከጓሮ ጎመኑ ሥር እንድቀብራቸው ላከችኝ። ለማንኛውም ብላ የሠራችው ዶሮ ወጥም ነበር። ደግሞም ደህና አድርጋ ነው የሠራችው።

እንግዶቹ እኩለ ቀን ላይ በጋሽ መስፍን መኪና መጡ። አባቴ ኮቱን ለብሶ፣ ትከሻው ላይ ነጠላ ጣል አድርጎ ተቀበላቸው። ማዕድ ከበው አባቴ ጸለየ። ሳምሶን ከተቀመጠበት ተነስቶ ትልቁን ጭራ ከነቅርፊቱ አንስቶ አባቴ ፊት አስቀመጠ፤ ኮርቶ ነበር።

አባቴ ጭራውን ረጅም ጊዜ ተመለከተው። ልብ በሉ፣ መብል ሁሉ ንጹህ ነው፣ ሰውን የሚያረክሰው ከልቡ የሚወጣው ነው ብሎ በዚያው ሰሞን ለጉባኤ ያስተማረ ሰው ነው። ቀና ብሎ እናቴን አያት። ከዚያ ሳምሶንን።

“ማን ነው ያረደው?” አለ።

በአገራችን ሥጋ ፊቱ የቀረበለት ሰው ሁሉ በሆዱ የሚጠይቀውን ነገር ነው የጠየቀው፤ ያረደው እጅ የማን ነው፣ ምን ተብሎበት ታረደ። ሳምሶን ግን ሳቀ።

“ኦቦ ደበላ፣ ይኼ አይታረድም።”

“ሳይታረድ ሞቶ ነው የመጣው?”

“እንደ ዓሣ ይቁጠሩት፤” አለ ጋሽ መስፍን ለማለዘብ።

“ዓሣ አውቃለሁ። ከጉደር ወንዝ አጥምጄ በልቻለሁ።” አባቴ ጭራውን በጣቱ ነካ አደረገው። “ይኼ ዓሣ አይደለም።”

“ኤክስፖዠር ነው የሚጎድለን እኮ፤” አለ ሳምሶን ወደ ጋሽ ዘውዴ ዞሮ። ጋሽ ዘውዴም ምን እንደተባለ ሳይገባቸው “ልክ ነው” አሉ። እሳቸው ራሳቸው የያዙት የዶሮ እግር ነበር።

እዚህ ላይ ነገሩ ሊያበቃ ይችል ነበር። አባቴ “ይቅርብኝ” ቢል ምን ይመጣ ነበር? ምንም። ግን ጋሽ መስፍን ሥጋውን ከቅርፊቱ ፈልቅቀው፣ በቅቤ አጥቅሰው፣ በእንጀራ ጠቅልለው ጉርሻ ይዘው ተነሱ። የሚዛመዱት ሰው ቆሞ ጉርሻ ዘርግቶ እንዴት ይመለሳል? አባቴ አፉን ከፈተ። ያ ሳይዋጥ ሳምሶን ሁለተኛውን ይዞ መጣ። አባቴ እሱንም ዋጠ፣ አፉን ጠረገ፣ “ይጣፍጣል” አለ። እናቴ ከዳር ሆና ትንፋሿን ለቀቀች።

ሌሎቹም በሉ። ሳምሶን ከሁለቱም ዓይነት በላ፤ ያን የጫማ ሶል እያኘከ “ፐርፌክት” ይላል። ጋሽ መስፍን የወጡን አንዷን ቁራጭ ከጉንጫቸው ወደ ጉንጫቸው ሲያመላልሷት ቆይተው በመጨረሻ እንደ ክኒን በውኃ ዋጧት። “መርሳት የማይቻል ነው” አሏት እናቴን። የውሸት ዓይነት ሁሉ በዚያ ማዕድ ላይ ነበር፤ እኔም ዝም ብዬ እንጀራ እጨምር ነበር።

እጅ ከታጠቡ በኋላ አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ቀኑን ሊናገር ነው። እኔ ጓዳው በር ላይ ቆሜያለሁ። ከአፉ የምትወጣው አንድ ቀን ሕይወቴን ዘግታ ልትቆልፈው ነው።

“እንግዲህ… የልጆቻችንን ቀን በተመለከተ…” አለና አንገቱን አከክ አከክ አደረገ። “እኛ ከቤተሰቡ ጋር… እንደተነጋገርነው…” ድምፁ ሻከረ። እንደገና ጉሮሮውን ጠረገ። ዓይኑ እንባ ሞላ።

“አባት ነው፤” አሉ ጋሽ ዘውዴ በሹክሹክታ። “ልጁን ሲሰጥ ሆዱ ይባባል።”

ጋሽ መስፍን መነጽራቸውን አውልቀው የራሳቸውን ዓይን ጠረጉ። ሳምሶን እንኳ አንገቱን ደፋ። አባቴ አየር አጥሮት ደረቱን ሲይዝ እነሱ በአባት ፍቅር ተነክተው በአክብሮት ይጠብቁታል። የሚያለቅስ ሰው ከንፈር ግን አያብጥም። የአባቴ የታች ከንፈር ተገልብጦ ነበር።

“አባዬ፣ ከንፈርህ፤” ብዬ ዘልዬ ደረስኩበት። አንገቱ ላይ ቀያይ እብጠት ወጥቷል። ሲተነፍስ ያፏጫል።

የእናቴ የመጀመሪያ ሥራ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? ጋቢ ማምጣት። ብርድ አልነበረም። ከደጃችን እስከ መኪናው ባለው መንገድ ላይ ጎረቤት የአባቴን ፊት እንዳያይ እስከ ዓይኑ ድረስ ጠቀለለችው። መተንፈስ ያቃተውን ሰው አፉን በጋቢ ሸፍነን መኪና ውስጥ አስገባነው። ጋሽ ዘውዴ እኛ ቤት ቀሩ፤ ዶሮውን እየጠበቁ ይመስለኛል።

መኪናው ሲነሳ ጋሽ መስፍን በመስታወቱ ወደ ኋላ አዩን።

“ምን እንላቸዋለን?” አሉ።

አባቴ እጄ ውስጥ ያፏጫል፣ የሰውየው ጥያቄ ይኼ ነው። ስንት ሰዓት እንደርሳለን አላሉም። ምን እንላቸዋለን ነው ያሉት።

“እንግዳ ነገር አብልተው ሰው ገደሉ ቢባል ጥሩ አይደለም፤” አለ ሳምሶን። “ሥራ ቦታም አለ።”

“የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ጊንጥ በላ ከሚባል…” አለች እናቴ፣ አልጨረሰችውም። አለቀሰች።

“አስም ነው ማለት ይቻላል፤” አለ ኤክስፐርቱ። “ትንፋሹ እኮ አስም ነው የሚመስለው። የቆየ አስም ተነሳበት፣ በቃ።”

“አስም፤” አሉ ጋሽ መስፍን።

“አስም፤” አለች እናቴ።

“አስም የለበትም፤” አልኩ እኔ።

ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ወረፋ የሚጠብቅ ብዙ ሰው ነበር። ተረኛዋ ጤና መኮንን ወጣት ሴት ናት፤ አባቴን እንዳየች ከወረፋው አስቀድማ አስገባችን። በሩ አልተዘጋም። ማዳመጫዋን በጋቢው ሥር አስገብታ ደረቱን አዳመጠች።

“ምን ሆነው ነው?”

“ክሮኒክ አስም አለበት፤” አለ ሳምሶን፣ በዚያ ስብሰባ ላይ በሚናገርበት ድምፁ።

“መድኃኒት ይወስዳሉ?”

“አልፎ አልፎ።”

አልፎ አልፎ አለ። ከዚያ አባት ጋር የኖርኩት እኔ ነኝ፤ ሲስል እንኳ ሰምቼው የማላውቀው እኔ።

“ዛሬ የተለየ ነገር በልተዋል?”

“ዶሮ ወጥ፤” አለች እናቴ።

ዶሮ ወጥ በቤታችን ነበር። አባቴ ግን አልነካውም። ጤና መኮንኗ አምናቸው የአስም መርፌ ለማዘጋጀት ወደ መደርደሪያው ዞረች። እናቴ የእኔን አተነፋፈስ ስለምታውቅ ልናገር እንደሆነ ገብቷት ክንዴን ጨምድዳ ያዘችና በጆሮዬ “ጨልሲ” አለችኝ። ዝም በዪ ማለቷ ነው።

አባቴን አየሁት። ከጋቢው በላይ ዓይኖቹ ብቻ ይታያሉ። ሰውየው እየሞተ መሆኑን ያውቃል፤ ዓይኑ ውስጥ ፍርሃቱን አይቼዋለሁ። በግራ እጁ የጋቢውን ጫፍ አፉ ላይ አጥብቆ ይዟል። እኔን አየኝና ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። አትናገሪ ነው የሚለኝ። በአንድ ማንኪያ ስኳር ቀን ሙሉ ያኮረፈኝ ሰው፣ የመጨረሻዋን ትንፋሹን ለውሸት እያወጣት ነው።

እንዲህ ተናድጄ አላውቅም። ከዚያ በፊትም በኋላም። በእሱ ተናደድኩ፣ በእናቴ ተናደድኩ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ በቆመው ሰውዬ ተናደድኩ። ክንዴን ከእናቴ መንጭቄ ጋቢውን ከፊቱ ላይ ገፈፍኩት።

“አስም የለበትም። ይዋሻሉ። ሎብስተር በልቶ ነው።”

ጤና መኮንኗ ዞረች። “ምን በልቶ?”

“ከባሕር የሚወጣ፣ ጊንጥ የሚመስል ነገር። ሁለት ጉርሻ። አሁን፣ ምሳ ላይ።”

ከአግዳሚው “ጊንጥ?” የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሌላው “ማን ነው? ኦቦ ደበላ አይደሉም እንዴ?” አለ። ጤና መኮንኗ የአባቴን ፊት አየች፤ ከንፈሩ፣ የዓይኑ ቆብ፣ አንገቱ። በእጇ የያዘችውን ትታ ሌላ መርፌ አነሳች። ጭኑ ላይ ወጋችው። “አለርጂ ነው” አለች ለራሷ ያህል፣ “ጉሮሮው እየተዘጋ ነበር።” ከዚያ ወደ ሳምሶን ዞራ “አስም አለበት ያልከኝ አንተ ነህ?” አለችው።

“መስሎኝ ነው፤” አለ።

“ውጣልኝ።”

ጥቂት ቆይቶ የአባቴ ፉጨት ረገበ። አንድ ረጅም፣ ሙሉ ትንፋሽ ሳበ። ግድግዳው ላይ ተደግፌ አለቀስኩ። እናቴ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ጋቢውን እቅፏ ውስጥ ይዛው ነበር።

ሳምሶን ኮሪደሩ ላይ ጠበቀኝ። ያጽናናኝ ይሆናል ብዬ ነበር። ሞኝ ነኝ።

“በሰው ሁሉ ፊት እንዲህ ይባላል?” አለኝ። “ወደ ጎን ጠርተሻት ቀስ ብለሽ ብትነግሪያት ምን ነበር? ትንሽ ዲፕሎማቲክ መሆን ያቅታል?”

“እየሞተ ነበር።”

“አልሞተም እኮ።” ሰዓቱን አየ። “አሁን ይኼን ወሬ ከሰርጉ በፊት እንዴት እንደምናስተካክለው ማሰብ አለብን።”

ፊቱን አየሁት። ከዚህ ሰው ጋር ስኖር አንድ ቀን መተንፈስ ሲያቅተኝ ይኼው ፊት ደጅ ላይ ቆሞ ምን ቢባል እንደሚሻል ሲያሰላ ታየኝ። ወደ አባቴ ተመልሼ ገባሁ።

ጤና መኮንኗ እሁድ ጠዋት ስታሰናብተን ያንን ነገር ዳግመኛ አፉ እንዳያደርስ፣ ምን እንዳመመውም የሚያውቀው ሰው ሁሉ እንዲያውቅ አሳስባ ነገረችው። “እሺ ልጄ” አላት። ቤት ገብቶ አልጋው ላይ እንደተደገፈ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሊጠይቁት መጡ። ገና ደጃፉን ሳይሻገሩ አባቴ፣ ከንፈሩ እንዳበጠ፣ “ይኼ አስም ነው እንጂ ደህና ነኝ” አላቸው። “አስም ክፉ ነው” አሉት። “የቆየ ነው” አለ። በዚያው ሰዓት የጎረቤታችን ውሻ ከጎመኑ ሥር የቀበርኩትን ቅርፊት ቆፍሮ አውጥቶ፣ አንዱን በአፉ ይዞ በዋናው መንገድ ሲሄድ ታይቷል። የከተማው ልጆች ተከትለውታል።

ጠያቂዎቹ ሲወጡ እናቴ ገባች። “እነ ሳምሶን ደውለዋል። ያልተቆረጠውን ቀን ለመቁረጥ በሚመጣው ቅዳሜ እንምጣ ይላሉ።”

“ይምጡ፤” አለ አባቴ።

“አይምጡ፤” አልኩ እኔ። ከአልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ። “አባዬ፣ ‘ልጅቷን እንጠይቃት’ ብለህ ነበር። አልጠየቅኸኝም። ጠይቀኝ።”

ጣራ ጣራውን አየ። “ትፈልጊዋለሽ?” አለ በመጨረሻ።

“አልፈልገውም። ፈልጌውም አላውቅም።”

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ፣ ከፈተ።

“ሽማግሌ ገብቶበታል እኮ ለሊሴ። ቃል ሰጥተናል። አሁን ለሰው ምን እንላለን?”

“አስም ነው በላቸው።”

መጀመሪያ የተቆጣ መሰለኝ፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሳቁ ወጣ። ያበጠ ከንፈሩን በእጁ ይዞ፣ “አታስቂኝ፣ ያመኛል” እያለ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ስልኩን ከራስጌው አንስቶ ለጋሽ ዘውዴ ደወለና ልጅቷን ጠይቄያት አልፈለገችም አላቸው። ሌላ ምክንያት አልጨመረበትም። ከዚያ በፊት ለእኔ ብሎ ሰው ፊት ሲያፍር አይቼው አላውቅም ነበር።

ሳምሶን ሌላ አግብቷል። ሰርጉ ላይ ምን እንደቀረበ አልሰማሁም። እኔ የምነግራችሁ ስለ ሎብስተር አይደለም፤ ሎብስተሩ ምን አደረገ፣ ከባሕሩ አውጥተው አመጡት እንጂ። እናንተ ግን ይህን የምታነቡ፣ ጎረቤት እንዳያያችሁ የታመመ ሰው አፍ ላይ ጋቢ አልጠቀለላችሁም? ሐኪም “ምን በላ?” ሲል “ዶሮ” አላላችሁም? የማትፈልጉትን ጉርሻ፣ የማትፈልጉትን ሰው፣ የዘረጋው እጅ እንዳያፍር ብላችሁ አልዋጣችሁም? እኔ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ አልውጥም። ቤቴ የመጣ እንግዳ “አልበላም” ካለኝ አልለምነውም። “ምን ይሉኛል” የሚል ሰው ሳገኝ ደግሞ፣ እውነቴን ነው፣ ንቀቴን ፊቴ ላይ መደበቅ አልችልም። ከዓመታት በኋላ አሁን ያለውን ባለቤቴን ይዤ ስመጣ አባቴ ጓዳ ድረስ ገብቶ “ትፈልጊዋለሽ?” ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ሳሎን ደርሶ ተመልሶ መጣና እንደገና ጠየቀኝ።

ስለ አስሙ ግን ተሸንፌያለሁ። እኔ በዚያች ጤና ጣቢያ በአደባባይ ተናግሬያለሁ፣ ውሻውም ቅርፊቱን በአደባባይ አዙሯል። አምቦ ውስጥ አባቴ ምን እንደበላ የማያውቅ ሰው የለም። አባቴም ማወቃቸውን ያውቃል። ይኸው እስከ ዛሬ ብርድ በገባ ቁጥር ጎረቤቶቻችን ተራ በተራ ደጃችንን ያንኳኳሉ፤ ለአስሙ ብለው ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሰው ያመጡለታል። አንዳቸውም አይስቁም። አባቴ “እግዚአብሔር ይስጥልኝ” ይልና እዚያው እነሱ ፊት በማንኪያ ይውጣል።